የዝናብ ውኃ መንገድ

(ገላጭ ድርሰትና የመሣሪያ ስም)

ሀ. መግቢያ

ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር ላላየው ወይም አይቶ ላላስተዋለው ሰው በቃላት ሥሎ የሚያሳይ የድርሰት ዓይነት ነው። አንድ ነጠላ ነገር፣ ለምሳሌ ማሰሮ ወይም በርጩማ፣ መግለጽ ብዙ አያስቸግርም። ብዙ ክፍሎች ተገጣጥመው የሚሠሩትን ነገር ለመግለጽ ስትነሡ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሟችኋል። የመጀመሪያው «ከየት ልጀምር?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የየክፍሉን ስም ምን ልበለው?» የሚል ነው።

በዚህ ትምህርት ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ እንፈልጋለን። ለምሳሌነት የመረጥነው በየቀኑ ከሥሩ የምታልፉበትን፣ ነገር ግን ቀና ብላችሁ እምብዛም የማታዩትን የቤት አሸንዳ ነው። ምንባቡን በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ ጸሐፊው የአሸንዳውን ክፍሎች በምን ቅደም ተከተል እንዳነሣቸው አስተውሉ።

ለ. ምንባብ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ይህ ዝናብ ግን በዓመቱ ወራት እኩል የተከፋፈለ አይደለም፤ አብዛኛው በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ ሁለት ወራት በየሰፈሩ ጣራ ላይ የሚዘንበው ውኃ ቁልቁል ተንደርድሮ ወደ ሁለቱ ወንዞች ይገባል፤ ወንዞቹም ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ሐይቅ ያደርሱታል።

በአንድ ቤት ጣራ ላይ የሚወርደው ውኃ ምን ያህል እንደ ሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ጣራ 48 ካሬ ሜትር መሬት ይሸፍናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ በዚህ ጣራ ላይ 480 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ይህም 200 ሊትር የሚይዙ ሁለት በርሜሎችን ሞልቶ 80 ሊትር ይተርፋል። እንግዲህ ይህን ያህል ውኃ በቤቱ ዙሪያ እንዳሻው ቢፈስስ ጉዳት፣ መንገድ ተበጅቶለት ቢወርድ ግን በረከት ይሆናል።

አባቶቻችን ውኃን ከግድግዳ የማራቅን ጥበብ ያውቁ ነበር። የሣር ክዳን ቤት አሸንዳ የለውም፤ የክዳኑ ክፈፍ ግን ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ውኃው በሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ተንጠባጥቦ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወርዳል። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በጣራው ውስጥ የተሣሉት የመላእክት ፊቶችና በግድግዳው ላይ የሚታዩት ሥዕሎች ከክረምቱ ዝናብ የተጠበቁት በሣር ክዳን ነው።

የፋሲል ግንብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ይህ ግንብ ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ በዙሪያውም እንደ ጥርስ የተደረደረ የድንጋይ ከለላ አለው። ጠፍጣፋና ዙሪያውን የታጠረ ጣራ ውኃ መውጫ ካልተበጀለት እንደ ገበታ ውኃ ይቋጥራል፤ የተቋጠረው ውኃም በድንጋዮቹ መካከል ወዳለው ኖራ ሰርጎ ይገባል። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢ ለመጠበቅ ከሚያስፈልጉት ሥራዎች አንዱ ይህንኑ የዝናብ ውኃ ከግንቦቹ ማራቅ ነው።

ዛሬ በከተማውም ሆነ በዳባት፣ በደባርቅና በሌሎችም የደጋ ከተሞች ብዙው ቤት ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ልስልስ ስለ ሆነ ውኃን እንደ ሣር አያዘገይም፤ የወረደበትን ሁሉ በፍጥነት ወደ ክፈፉ ይነዳዋል። ከክፈፉ የሚወረወረው ውኃ ዘወትር በአንድ መሥመር ላይ መሬቱን ይመታል። መሬቱ ይቦረቦራል፤ ጭቃው ተፈናጥሮ ግድግዳውን ይመታል፤ መሠረቱም ይረጥባል። ግድግዳው ከእንጨት ቆሞ በጭቃ የተመረገ ከሆነ በመጀመሪያ ምርጉ ይወድቃል፤ ቀጥሎ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻም ቤቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። አሸንዳ የሚያስፈልገው ይህን ለመከላከል ነው።

አሁን ከአንዲት የዝናብ ጠብታ ጋር ጉዞ እንጀምር። ጠብታዋ በጣራው ጫፍ ላይ ወርዳ በቆርቆሮው ሸንተረር ቁልቁል ትሮጣለች። የቆርቆሮው ጫፍ ከክፈፉ ጣውላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ በአሸንዳው ውስጥ እንዲያንጠባጥብ መደረግ አለበት። ጫፉ አጭር ከሆነ ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ ጣውላውን ያበሰብሳል፤ በጣም ረዥም ከሆነ ደግሞ አሸንዳውን ዘሎ ይወርዳል።

ጠብታዋ አሁን አሸንዳው ውስጥ ገብታለች። አሸንዳ በክፈፉ ሥር ተጋድሞ ከጣራው የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል፣ ላዩ ክፍት የሆነ ቦይ ነው። ከቆርቆሮ፣ ከላሜራ ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ለዓይን ቀጥ ብሎ የተጋደመ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ መውጫው በኩል ጥቂት ማዘንበል አለበት። በየ1 ሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል፤ 8 ሜትር ርዝመት ያለው አሸንዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ይህ ማዘንበል ከጠፋ ውኃው ይተኛል፤ ደለል ይይዛል፤ ቆርቆሮውም ይዝጋል።

አሸንዳውን ከክፈፉ ጣውላ ጋር የሚያያይዙት ማንጠልጠያዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ1 ሜትር ማነስ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በውኃ የተሞላ አሸንዳ ከባድ ነው። በደጋው አገር ደግሞ ከዝናቡ ጋር በረዶ ስለሚጥል ሸክሙ ይጨምራል። አንድ ማንጠልጠያ ሲላላ አሸንዳው በዚያ ቦታ ይጎብጣል፤ ውኃውም ወደ መውጫው መሄዱን ትቶ በጎበጠው ቦታ ሞልቶ ይፈስሳል።

አንድ ቆርቆሮ ለቤቱ ርዝመት ስለማይበቃ አሸንዳ ከበርካታ ቁራጮች ይገጣጠማል። ቁራጮቹ የሚገናኙበት ስፍራ መጋጠሚያ ይባላል። በመጋጠሚያ ላይ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ይኸውም ውኃው የሚመጣበት ቁራጭ ጫፍ ውኃው በሚሄድበት ቁራጭ ውስጥ እንዲገባ ነው። ይህ ሕግ ከተገለበጠ ውኃው በሁለቱ መካከል ሾልኮ ይወጣል። የአሸንዳው ጫፍ ደግሞ ውኃ ወደ ውጭ እንዳይፈስስ በመዝጊያ ይደፈናል።

ጠብታዋ ማዘንበሉን ተከትላ ወደ አሸንዳው አፍ ደረሰች። በአፉ ላይ ማጥለያ ተቀምጧል። ማጥለያ ውኃውን አሳልፎ የባሕር ዛፍ ቅጠልን፣ ጭራሮንና የወፍ ጎጆ ስባሪን የሚያስቀር ወንፊት ነው። ከአፉ ቀጥሎ ቱቦው ወደ ግድግዳው ይታጠፋል፤ መታጠፊያው የሰውን ክንድ ስለሚመስል ክርን ይባላል። ከክርኑ በታች መውረጃ ቱቦ አለ። መውረጃ ቱቦው ግድግዳውን ተጠግቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ነፋስ እንዳይነቀንቀውም በየቦታው ማሰሪያ ይደረግለታል። በዚህም ላይ የመጋጠሚያው ሕግ ይሠራል፤ የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይገባል።

በመጨረሻ ጠብታዋ መሬት ላይ ደረሰች። ከመውረጃ ቱቦው ጫፍ ያለው ማፍሰሻ ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ወደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ወደ ቦይ ይጥለዋል። ውኃው ይጠራቀም ከተባለ ግን ማፍሰሻው ወደ በርሜል ወይም ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ ይመራል። በዚህ ጊዜ ልብ ማለት የሚገባችሁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዝናቡ ሲጀምር የሚወርደው ውኃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠርጎ ስለሚመጣ መደፋት አለበት። ሁለተኛ፣ በርሜሉ ክዳን ያስፈልገዋል፤ ክፍት ከተተወ ትንኝ ይራባበታል። ሦስተኛ፣ ውኃው ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ፣ ለአትክልትም ማጠጫ እንዳለ ሊያገለግል ይችላል፤ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ ሊወሰድ አይገባም። ይህን በሥርዓት ያደረገ ቤተሰብ የቧንቧ ውኃ በሚቋረጥባቸው ቀናት ልጆቹን ጀሪካን አሸክሞ ከሩቅ ሰፈር አይልክም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ውኃው ከእኛ ግቢ ሲወጣ ጉዞው አላበቃም። ማፍሰሻችን ወደ ጎረቤት ግድግዳ የዞረ እንደ ሆነ የራሳችንን ቤት ያዳንነው የሰውን ቤት በማፍረስ ነው። በኮረብታማው የጎንደር ከተማ የላይኛው ሰው ጣራ ብዙ ጊዜ ከታችኛው ሰው ግቢ በላይ ነው። በክረምት በጎረቤቶች መካከል ለሚነሣው ቅያሜ አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ያልተገራ ጎርፍ ከሰፈርም አልፎ ይሄዳል። ከከተማው ዙሪያ ካሉ ኮረብቶች በጎርፍ ተጠርጎ የሚወርደው አፈር ለጎንደር የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው በአንገረብ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይተኛል፤ ግድቡ ሊይዝ የሚችለውንም ውኃ ይቀንሳል።

ስለዚህ አሸንዳ በየዓመቱ መታየት አለበት። ጊዜውም ዝናቡ ሳይገባ፣ በግንቦት ነው። ቅጠሉን መጥረግ፣ ማንጠልጠያውን ማጥበቅ፣ መጋጠሚያውን መፈተሽ የአንድ ቀን ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ በግንቦት በአንድ ሚስማር የሚጠበቀው ማንጠልጠያ በነሐሴ አንድ ሙሉ ግድግዳ ሊያስከፍል ይችላል።

ሐ. የቃላት ማስታወሻ

ክፈፍ፦ የጣራ ዙሪያ ጫፍ።

ምርግ፦ በእንጨት ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ።

ደለል፦ ውኃ ተሸክሞት መጥቶ የሚያስቀረው አፈርና ጭቃ።

ማዘንበል፦ ወደ አንድ ወገን ጋደል ማለት። «ዘነበ» ከሚለው ግስ ጋር በድምፅ ቢቀራረብም በትርጉም አትቀላቅሉት።

አሸንዳ፦ በዚህ ምንባብ የጣራ ውኃ መቀበያ ማለት ነው። በነሐሴ ወር ልጃገረዶች የሚያከብሩት በዓልና ለበዓሉ በወገባቸው የሚያስሩት ረዥም ሣርም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ቃሉ በየትኛው ትርጉሙ እንደ ገባ የሚያስታውቀው ዐረፍተ ነገሩ ነው።

መ. ሰዋስው፦ የመሣሪያ ስም

ከምንባቡ የሚከተሉትን ስሞች እንውሰድ፤ መቀበያ፣ ማንጠልጠያ፣ መጋጠሚያ፣ መዝጊያ፣ ማጥለያ፣ መውረጃ፣ ማሰሪያ፣ ማፍሰሻ፣ ማጠራቀሚያ። እነዚህ ስሞች ሁሉ ከግስ የወጡ ናቸው። አንድ ሰው ግሱን ካወቀ የዕቃውን ስም ባያውቅ እንኳ የሚሠራውን ሥራ ከስሙ ሊረዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ስም የመሣሪያ ስም ይባላል።

የመሣሪያ ስም የሚወጣው ከንዑስ አንቀጽ ነው። ንዑስ አንቀጽ «መውረድ»፣ «መቀበል»፣ «ማሰር» እንደሚሉት በ«መ» ወይም በ«ማ» የሚጀምር የግስ ስም ነው። በንዑስ አንቀጹ መጨረሻ ላይ «ያ» የሚል ድምፅ ሲጨመር የመሣሪያ ስም ይሆናል። ጭማሪው ግን እንደ መጨረሻው ፊደል ይለያያል።

1ኛ/ የመጨረሻው ፊደል ር፣ ም፣ ብ፣ ቅ፣ ክ፣ ግ ወይም ፍ ከሆነ ፊደሉ ወደ ሣልስ ይለወጥና «ያ» ይከተለዋል።

ማሰር — ማሰሪያ
መጋጠም — መጋጠሚያ
መሰብሰብ — መሰብሰቢያ
መጥረግ — መጥረጊያ
መደገፍ — መደገፊያ

2ኛ/ የመጨረሻው ፊደል ድ፣ ጥ፣ ስ፣ ዝ፣ ን ወይም ል ከሆነ «ያ» ከፊደሉ ጋር ይዋሐዳል፤ ፊደሉም ወደ ቅርብ ዘመዱ ይለወጣል።

መውረድ — መውረጃ (ድ ወደ ጅ)
መቁረጥ — መቁረጫ (ጥ ወደ ጭ)
ማፍሰስ — ማፍሰሻ (ስ ወደ ሽ)
መያዝ — መያዣ (ዝ ወደ ዥ)
መክደን — መክደኛ (ን ወደ ኝ)
መቀበል — መቀበያ (ል ወደ ይ)

3ኛ/ ንዑስ አንቀጹ የግሱ ሥር ባልሆነ «ት» የሚያልቅ ከሆነ «ት» ይወድቃል፤ ከእርሱ በፊት ያለው ፊደልም ከላይ በተመለከቱት ሁለት ሕጎች ይመራል።

መዝጋት — መዝጊያ
መቅዳት — መቅጃ
መውጣት — መውጫ

ነገር ግን «ት» የግሱ ሥር ከሆነ አይወድቅም፤ ወደ «ች» ይለወጣል። «ከፈተ» ከሚለው ግስ መክፈት — መክፈቻ ይወጣል።

ማስታወሻ፦ የመሣሪያ ስም መሣሪያን ብቻ ሳይሆን ቦታንና ጊዜንም ሊያመለክት ይችላል። «መውረጃው ቱቦ ዝጓል» ሲባል መሣሪያ ነው፤ «የአውቶቡሱ መውረጃ ሩቅ ነው» ሲባል ቦታ ነው፤ «የተማሪዎች መግቢያ ሰዓት ደረሰ» ሲባል ደግሞ ጊዜ ነው።

የአሸንዳ ክፍሎች ሁሉ በዚህ ሕግ የተሰየሙ አይደሉም። አፍና ክርን ከሰው አካል ተወስደው በመመሳሰል የተሰጡ ስሞች ናቸው። ስለዚህ የአንድን ዕቃ ክፍል ስም ባታውቁ ሁለት መንገድ አላችሁ፤ «ምን ይሠራል?» ብላችሁ ከግሱ ማውጣት፣ ወይም «ምን ይመስላል?» ብላችሁ በመመሳሰል መጥራት። ከሁለቱም በፊት ግን ባለሙያውን ጠይቁ፤ ዕቃውን ዘወትር የሚሠራው ሰው ስሙን ያውቀዋልና።

ሠ. ድርሰት፦ ሁለት ደብዳቤዎች

ትክክለኛ ስም መያዝ ምን እንደሚጠቅም በሚከተለው ምሳሌ እንይ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከእናቱ ጋር ከጎንደር በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዳባት ይኖራል እንበል። የእናቱ ወንድም በጎንደር ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። በሰኔ መጨረሻ ተማሪው እናቱ አዝዘውት ለአጎቱ ይህን ደብዳቤ ጻፈ።

«ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ። እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አሸንዳችን ተበላሽቶ ውኃ ያፈስሳል። እናቴ ክረምቱ ሳይጠና ቶሎ ይድረሱልን ብላለች።»

አጎቱም ደብዳቤው እንደ ደረሳቸው 3 ሜትር አዲስ አሸንዳ ሠርተው፣ በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነው ዳባት ደረሱ። መሰላል ላይ ወጥተው ቢያዩ አሸንዳው ደኅና ነው። ብልሽቱ ያለው በመውረጃ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ ነበር፤ ለእርሱ የሚሆን ዕቃ ግን አልያዙም። የያዙትን አሸንዳ እዚያው ትተው ተመለሱ። እንደ ገና እስኪመጡ ድረስ ባለፉት ሁለት ሳምንታት በጓዳው በኩል ያለው ምርግ ወደቀ፤ በግድግዳው ሥር ተደርድሮ የነበረው እህልም ረጠበ።

ተማሪው ስለ አጎቱ ትጋት ማማረር አይችልም፤ አጎቱ የተጻፈላቸውን አምነው መጥተዋል። ስሕተቱ «አሸንዳችን ተበላሽቶ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው። የአንዱን ክፍል ጉዳት በጠቅላላው ስም ጠራው። ልጁ ከመጻፉ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ቆሞ ውኃውን ቢከተለው ኖሮ የሚከተለውን ሊጽፍ ይችል ነበር።

«ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ። እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በጓዳው በኩል ያለው የውኃ መውረጃ ስለ ተበላሸ ይህን ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። አሸንዳው ራሱ ደኅና ነው፤ ውኃ አይቋጥርም፤ ማንጠልጠያዎቹም አልላሉም። ውኃው በአፉና በክርኑ በኩል በደኅና ያልፋል። የሚያፈስሰው ከክርኑ በታች 1 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱ ቱቦዎች በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ መግባት ሲገባው ከውጭ ሆኗል። ከዚያ በታች ያለው ማሰሪያም ተነቅሏል። የቱቦው አፍ ስፋት 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ግድግዳው ከመጋጠሚያው እስከ መሠረቱ ረጥቧል፤ እህሉን ግን ወደ ሌላ ክፍል አዛውረናል። ሲመጡ ለዚህ የሚሆን መጋጠሚያና አንድ ማሰሪያ ይዘው እንዲመጡልን እናቴም እኔም በአክብሮት እንለምናለን።»

ሁለተኛውን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ጋር አወዳድሩት። ሁለተኛው የበለጠው በርዝመቱ አይደለም፤ በቃላቱ ጌጥም አይደለም። ጸሐፊው አራት ነገሮችን አድርጓል። ውኃው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ጻፈ፤ ደኅና የሆነውን ክፍል ከተበላሸው ለየ፤ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ጠራ፤ መጠኑንም በቁጥር ገለጸ። አንባቢው ቤቱን ሳያይ ምን ዕቃ ይዞ መሄድ እንዳለበት ዐወቀ። የገላጭ ድርሰት ዓላማ ይኸው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ብዙ ክፍሎች ያሉትን ነገር ስትገልጹ ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ተከተሉ፤ ስለ አሸንዳ ሲሆን ውኃውን፣ ስለ ወፍጮ ሲሆን እህሉን፣ ስለ ሸማ ሥራ ሲሆን ክሩን። ከሥራው መንገድ የወጣ ገለጻ እንደ ተገለበጠ መጋጠሚያ ነው፤ ሐሳቡ በመካከል ሾልኮ ይጠፋል።

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1. ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

ሀ/ የቆርቆሮ ክዳን ከሣር ክዳን ይልቅ አሸንዳ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?
ለ/ አሸንዳ ወደ መውጫው ባያዘነብል ምን ይደርስበታል?
ሐ/ ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ስንት ሊትር ውኃ ይወርዳል? 200 ሊትር የሚይዙ ስንት በርሜሎችንስ ይሞላል?
መ/ ዝናቡ ሲጀምር የሚወርደው ውኃ የሚደፋው ለምንድን ነው?

መልመጃ 2. ከሚከተሉት ንዑስ አንቀጾች የመሣሪያ ስም አውጡ፤ በየትኛው ሕግ እንደ ተመራችሁም ጻፉ።

መስፋት፣ መቆፈር፣ ማጠብ፣ መጫን፣ መለካት፣ መንቀል፣ መተኮስ፣ መጋገር

መልመጃ 3. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የተሠመረባቸው ያህል የምትቆጥሯቸውን የመሣሪያ ስሞች ፈልጉ፤ መሣሪያን፣ ቦታን ወይም ጊዜን ማመልከታቸውንም ለዩ።

ሀ/ የውኃው ማጠራቀሚያ ክዳን አልነበረውም።
ለ/ በበሩ መግቢያ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል።
ሐ/ የእህል መውቂያው ስለ ደረሰ ገበሬዎች አውድማ እየለቀለቁ ነው።

መልመጃ 4. በቡድን ሆናችሁ የትምህርት ቤታችሁን አንድ ሕንፃ አሸንዳ ተመልከቱ። ያሉትንና የጎደሉትን ክፍሎች በዝርዝር ጻፉ። የተበላሸ ክፍል ካገኛችሁ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር፣ በሁለተኛው ደብዳቤ አርአያ፣ ከ150 ቃላት ያልበለጠ ማመልከቻ አዘጋጁ።

መልመጃ 5. በጎንደር የሚገኘው የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ጎንደር ያላችሁ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ፣ ሌሎቻችሁም በአካባቢያችሁ ያለውን የመስኖ ቦይ ወይም የምንጭ መቅጃ አይታችሁ፣ የውኃውን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በሦስት አንቀጽ ግለጹ። በድርሰታችሁ ውስጥ ቢያንስ ስድስት የመሣሪያ ስሞች ይግቡ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቦታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ እርሱም በወረቀት ላይ ይሣለው። ሥዕሉ ያያችሁትን የሚመስል ከሆነ ድርሰታችሁ ሥራውን ሠርቷል፤ ካልመሰለ ውኃው የጠፋበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ እንደ ገና ጻፉት።